ተጽፋ የማትነበበው «ኬ»

አንድ አባት ማታ ከሥራ ተመልሰው፣ ልጃቸው የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጠዋል እንበል። በእንግሊዝኛ መጽሐፏ ላይ የቢላዋ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር አምስት ፊደላት ተደርድረዋል። አባት ማንበብና መጻፍ የተማሩት በጎልማሳነታቸው ነው፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ደግሞ በኋላ ከልጃቸው ጋር እየተጋገዙ ለይተዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ ቆጠሩ። «ኬ፣ ኤን፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኢ» አሉና ገጣጥመው «ክኒፌ» ብለው አነበቡ።

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት።

«አባዬ፣ ናይፍ ነው እኮ የሚባለው።»

«ኬዋስ የት ሄደች?»

«ኬዋ አትነበብም።»

«የማትነበብ ከሆነች ለምን ጻፏት ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። እንዲህ ነው የተማርነው።»

የአባትየው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ጥያቄ ወደ ውስጡ ይውጠዋል። በክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ተነሥቶ ሲያነብ «ክኒፌ» ይላል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ በማግስቱ እጁን አያወጣም። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ቤት ረስቶ ይመጣል። ጥፋቱ የራሱ መስሎታል። እስቲ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንመርምር።

በአማርኛ ማንበብ የተማረ ሰው አንድ መልካም ልማድ አለው፤ ያየውን ይላል። «በ» ካየ «በ»፣ «ቡ» ካየ «ቡ» ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉትን 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231ዱን የለየ ሰው፣ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን የአገር ስም እንኳ ጽፈው ቢሰጡት ያነበዋል። ተጽፎ ሳለ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ፊደል በገበታው ላይ አላየም። እንግሊዝኛውንም በዚያው ታማኝነት ለማንበብ ይነሣል። እንግሊዝኛ ግን ከአርባ በላይ የሆኑ ድምፆቹን በ26 ፊደላት ብቻ ሲጽፍ የኖረ ቋንቋ ነው። አንዱ ፊደል ሁለት ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ ቦታ ይዞ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያለው ሰው የ«ኬ»ን ክፍል ይግለጥ። ክፍሉ ቀጭን ነው፤ እንግሊዝኛ «ክ» የሚለውን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው «ሲ» በተባለችው ፊደል ነውና። ከዚሁ ክፍል ውስጥ ደግሞ ልክ አምስት ፊደል ያላቸውን ቃላት ብቻ እንልቀም። ቃላትን በመነሻ ፊደላቸውና በርዝመታቸው መልቀም አዲስ ነገር አይደለም። በየጋዜጣው ላይ «ወደ ጎን»፣ «ወደ ታች» እየተባለ የሚሞላው የቃላት ጨዋታ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የእንግሊዝኛው ጨዋታ በ1913 በአንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ጀምሮ ብዙ ሰው ቃል ሲቆጥር ኖሯል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተለቀሙት ቃላት ሁለት ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። አንዳንዶቹ እንግዶች ናቸው። «ኪዮስክ» የምንለው ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል አለው፤ ወደ አውሮፓ የገባው ከቱርክኛ ነው። «ካኪ»ም እንዲሁ አምስት ፊደል አለው። ቃሉ ከፋርስ ወደ ህንድ የተሻገረ ሲሆን ትርጉሙም አቧራ መሰል ማለት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በህንድ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የልብሳቸውን ቀለም በዚህ ስም ጠሩት። «ኮአላ» የምትባለው የአውስትራሊያ እንስሳም ከዚሁ ወገን ናት። በእነዚህ በእንግዶቹ ላይ ኬዋ በደንብ ትሰማለች። (በ«ካኪ» ውስጥ ዝም ያለች «ኤች» ገብታለች፤ እሷን ለሌላ ቀን እናቆያት።)

ሁለተኛዎቹ የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ከኬዋ ቀጥሎ «ኤን» ትመጣለች፤ ኬዋም አትነበብም። «ናይፍ» ቢላዋ ነው። «ኖክ» ማንኳኳት ነው፤ ሲጻፍ ኬ፣ ኤን፣ ኦ፣ ሲ፣ ኬ ነው። «ኒል» መንበርከክ፣ «ኒስ» ጉልበቶች ማለት ነው። ኬ፣ ኤን፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ ተብሎ የሚጻፈው «ኒድ» ሊጥ ማሸት፣ መለወስ ነው። «ኖን» የታወቀ፣ «ኖል» ትንሽ ጉብታ፣ «ናክ» በልምምድ የሚገኝ የእጅ ብልሃት ነው። «ኖትስ» ቋጠሮዎች፣ «ኖብስ» ክብ እጀታዎች ናቸው። «ኔቭ» ደግሞ ወስላታ ማለት ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ «ኒል» የሚለውን ቃል በእኛ ፊደል ስንጽፈው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ግን አምስት ነው። «ኖክ»ም ሁለት ነው፤ በዚያ አምስት። ይኸ ሁሉ ትርፍ ከየት መጣ?

መልሱ ቀላል ነው፤ ኬዋ ድሮ ትነበብ ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የእንግሊዝ ገበሬ ቢላዋውን ሲጠራ «ክኒፍ» ይል ነበር። ሲያንኳኳ «ክ» ድምፅዋ ነበረች፤ ሲንበረከክም ነበረች። መጀመሪያ ላይ የሚጽፏት በ«ሲ» ነበር። በ1066 ከፈረንሳይ ምድር የተነሡ ኖርማኖች እንግሊዝን ወርረው ያዙና ጸሐፊዎቻቸው የአጻጻፉን ልማድ ለወጡት፤ በ«ሲ» ፋንታ «ኬ» እየገባች ሄደች። ድምፁ ግን ያው ነበር። የተጻፈው ሁሉ የሚባል፣ የሚባለውም ሁሉ የተጻፈ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ክኒፌ» ያሉት አባት ያነበቡት የጥንቱን እንግሊዝኛ ሊሆን ምንም አልቀራቸውም። ከመጨረሻው «ፌ» በስተቀር፣ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የነበረ አንድ የእንግሊዝ ባላገር ቢሰማቸው «ቢላዋ አምጣ ይለኛል» ብሎ ይነሣ ነበር።

በአምስቱ ፊደላት መጨረሻ ላይ ያለችውም «ኢ» ራሷ ድምፅ የላትም። የእሷ ሥራ ሌላ ነው። መካከል ላይ ያለችውን «አይ» በሙሉ ስሟ እንድትነበብ ታዝዛለች። ባትኖር ኖሮ ቃሉ «ኒፍ» ይባል ነበር። በአንድ ቃል ውስጥ አንዷ ጡረታ የወጣች፣ አንዷ ምልክት ሰጪ፣ ሦስቱ ሠራተኞች ናቸው።

ኬዋ ለምን ጠፋች? ይህን ለመረዳት አፋችንን እንታዘብ። «ክ» ስንል የምላሳችን ሥር ከላንቃችን የኋላ ክፍል ጋር ይጣበቃል። «ን» ስንል ደግሞ የምላሳችን ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይነካል፤ ትንፋሹም በአፍንጫ ይወጣል። እኛ «ክንድ» እና «ክንፍ» ስንል አይቸግረንም፤ በ«ክ» እና በ«ን» መካከል አጭር ድምፅ አስገብተን እናርፋለንና። እስቲ ይሞክሩት። እንግሊዞቹ ግን ያቺን ዕረፍት ሳይወስዱ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ነበር የሚያወጧቸው። ከጊዜ በኋላ «ክ»ዋ እየላላች፣ እየሳሳች ሄደች። ሼክስፒር በኖረበት ዘመን ገና ትሰማ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት እየደከመች ሄዳ በ18ኛው መቶ ዓመት ከብዙዎቹ እንግሊዞች አንደበት ፈጽማ ወጣች።

ምላሳቸው ሰንፎ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ጀርመኖች፣ ሆላንዶችና ስዊድኖች የእንግሊዝኛ የሥጋ ዘመድ የሆኑ ቋንቋዎችን ነው የሚናገሩት፤ እነሱ ጉልበትን ሲጠሩ «ክ»ዋን ዛሬም አጥብቀው ይሏታል። ራሳቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ቢሆኑ «ማመን፣ እውቅና መስጠት» የሚለውን ቃል «አክኖሌጅ» ሲሉ፣ በመካከል ያለችውን ኬ ከኤን ጋር ያሰሟታል። የጠፋችው በቃል መጀመሪያ ላይ ስትሆን ነው። ቋንቋ እንዲህ ነው፤ አንዱ ቤት የጣለውን ጎረቤቱ ይዞት ይኖራል።

አፍ ሲለወጥ ታዲያ እጅ ለምን አልተለወጠም? በ1476 ዊልያም ካክስተን የተባለ ሰው በለንደን አጠገብ በዌስትሚኒስተር የእንግሊዝን የመጀመሪያ ማተሚያ ቤት አቆመ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጸሐፊ በመንደሩ አነጋገር ነበር የሚጽፈው። ማተሚያ ሲመጣ አንድ ዓይነት አጻጻፍ በብዙ መቶ ቅጂ እየተባዛ ይሠራጭ ጀመር። ሰዉም ዓይኑ ለመደው። በዚያን ጊዜ ኬዋ ገና በሕይወት ነበረች፤ ስለዚህ እንደነበረች ታተመች። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ድምፅዋ ሲሞት፣ አካሏ በብረት ተቀርጾ አለቀ። በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን ትልቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ የለመደውን አጻጻፍ መዘገበ፤ በዚያው ጸና።

ለመለወጥ ያሰቡ ሰዎች አልጠፉም። አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር በ1789 የማይነበቡ ፊደላት ሁሉ ይቅሩ ብሎ ጽፎ ነበር። በ1828 ባወጣው መዝገበ ቃላት ግን ጥቂት ቃላትን ብቻ አሳጠረ፤ ኬዋን አልነካም። ታዋቂው የቲያትር ደራሲ ጆርጅ በርናርድ ሾው በ1950 ሲሞት፣ ለእንግሊዝኛ ከአርባ የማያንስ አዲስ ፊደል እንዲቀረጽ ገንዘብ ተናዞ ነበር። ፊደሉ ተቀረጸ፤ በ1962 ከተውኔቶቹ አንዱ በዚያ ታተመ፤ በዚያው ቀረ። አዲሱን ፊደል የሚያነብ ልጅ አያቱ የገዛውን መጽሐፍ ማንበብ ያቅተዋል። ደግሞስ በማን አነጋገር ይጻፍ? የለንደኑ፣ የኒውዮርኩ፣ የሌጎሱና የዴልሂው ሰው አንድ ቃል በየፊናቸው ነው የሚያሰሙት።

የጽሑፏ ኬ ፈጽማ ሥራ ፈት ናት ማለትም ያስቸግራል። «ኖ» ሲባል ሁለት ነገር ይሆናል፤ በኬ ሲጻፍ ማወቅ ነው፣ ያለ ኬ ሲጻፍ «አይደለም» ማለት ነው። አምስት ፊደል ያለው «ኖዝ» ያውቃል ማለት ነው፤ ያለ ኬ የሚጻፈው «ኖዝ» አፍንጫ ነው። ሊጥ ማሸት የሚለው «ኒድ» ኬዋ ብትነሣ ችግር፣ ፍላጎት ከሚለው ቃል ጋር ይምታታል። ጆሮ የማይለየውን ዓይን ይለየዋል።

ይህን ስንሰማ በእንግሊዞች ለመሳቅ እንዳንቸኩል የራሳችን ገበታ አለ። «ሀ» አለን፣ «ሐ» አለን፣ «ኀ» አለን። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» አሉን። መሠረተ ትምህርት የገባ ሰው ሁሉ መምህሩን «ሁለት ሦስቱ ለምን አስፈለጉ?» ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም። በጥንቱ ግዕዝ እያንዳንዳቸው የተለየ ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ አንደበት ድምፆቹ ተቀላቀሉ፤ ፊደላቱ ግን ቀሩ። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ዛሬ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ፊደላቱ ይቀነሱ የሚሉና ይቆዩ የሚሉ ሰዎች ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ክርክሩ ከእንግሊዞቹ ጋር ተመሳሳይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የእኛ ጽሑፍ የሚደብቀው ነገር አለ። «አለ» ብለን ስንጽፍ፣ ተናገረ ማለት ይሁን ወይስ ይገኛል ማለት፣ መጥበቅና መላላቱን ፊደሉ አያሳይም፤ የሚያውቀው አንባቢው ነው። የእኛን ለመማር የሚመጣ እንግሊዛዊም በዚህ ይቸገራል። ልዩነቱ የእኛ ፊደል ተጽፎ ሳለ ዝም አለማለቱ ነው፤ ይኸም ለጀማሪ ትልቅ እረፍት ነው።

አሁን ወደ «ኔቭ» እንመለስ። ይህ አምስት ፊደል ያለው ቃል መጀመሪያ ልጅ፣ ብላቴና ማለት ነበር። ጀርመኖች በዚሁ ዘር ቃል «ክናቤ» ብለው ወንድ ልጅን ይጠራሉ። በእንግሊዝ ግን ብላቴናው በጌቶች ቤት አገልጋይ ሲሆን ቃሉም አገልጋይ የሚል ትርጉም ያዘ። ቆይቶ ደግሞ ወስላታ፣ የማይታመን ሰው ማለት ሆነ። «ናይት» የሚባል አንድ ወንድሙ አለ፤ እሱ ስድስት ፊደል ስላለው ከዝርዝራችን ውጪ ነው። እሱም መነሻው ልጅ፣ አገልጋይ ነበር፤ ግን ፈረስ ጋልቦ ንጉሥ ተከተለና ባለማዕረግ ማለት ሆነ። ከአንድ ጎጆ የወጡ ሁለት ቃላት፣ አንዱ ከማድ ቤት ቀርቶ ስድብ ሆነ፤ ሌላው ሰይፍ ታጥቆ ክብር ሆነ። እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣው ማን እንደሆነ ከዚህ መገመት አያቅትም። እኛም ዘንድ «ብላቴና» ልጅ ማለት ሆኖ ሳለ «ብላቴን ጌታ» ትልቅ ማዕረግ ነበር።

ቀሪዎቹንም ልብ ብሎ ለተመለከታቸው የሚነግሩት ነገር አላቸው። ቢላዋ፣ ጉልበት፣ ሊጥ፣ ቋጠሮ፣ ጉብታ፣ ደጅ ማንኳኳት፤ ሁሉም የእጅና የጓዳ፣ የማሳና የመንደር ቃላት ናቸው። ከ1066 በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲጎርፍ፣ እነዚህን ግን የሚነካቸው አልነበረም። ሰፊው ሕዝብ በየቤቱ ይዟቸው ኖረ። ጥቂት የማይባሉትም ጉብ ያለ፣ እብጥ ያለ ነገርን የሚያመለክቱ መሆናቸው ያስገርማል፤ ጉልበት፣ ቋጠሮ፣ ክብ እጀታ፣ ጉብታ፣ የጣት አንጓ። የጣት አንጓ «ናክል» ይባላል፤ እሱም በዚያችው ዝም ባለች ኬ ይጀምራል፣ ፊደሉ ግን ሰባት ነው።

ለተማሪ የሚጠቅመው ይኸ ሁሉ ታሪክ ሥራ ላይ ሲውል ነው። መምህሩ «ኒል» ብሎ ሲያጽፍ፣ ልጁ የሰማውን በትክክል ጽፎ በ«ኤን» ይጀምራል፤ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ቃሉን ሊፈልግ መዝገበ ቃላት ሲገልጥም የ«ኤን»ን ክፍል ነው የሚያስሰው። እዚያ ያጣዋል። «ይህ መጽሐፍ ጎደሎ ነው» ወይም «እኔ አይገባኝም» ብሎ ይዘጋዋል። በ«ኤን» የታጣን ቃል በ«ኬ» መፈለግ ነው። ሲያነቡ ደግሞ ደንቡ አጭር ነው፤ በቃል መጀመሪያ ላይ ኬ መጥታ ኤን ከተከተለቻት ኬዋን መዝለል ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጡት ከሌላ ቋንቋ የመጡ ጥቂት ስሞች ናቸው። ለምሳሌ የእስራኤል ምክር ቤት «ክኔሴት» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በእነዚሁ በሁለቱ ይጀምራል፤ የዕብራይስጥ ስም ስለሆነ ግን ኬዋ ትነበባለች። ይህን እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ በዜና ይሰሙታል።

ለመጻፍ ጊዜ ደግሞ የአባትየው ንባብ ይረዳል። ልጅቱ ጮክ ብላ «ናይፍ» ትበል፤ እጇ ሲጽፍ ግን በልቧ «ክ-ኒ-ፌ» ትበል። «ኖክ» ብላ በልቧ «ክ-ኖ-ክ»፣ «ኒል» ብላ በልቧ «ክ-ኒ-ል» ትበል። ጆሮዋ የዛሬውን፣ እጇ የጥንቱን ይይዛል። እነዚህን ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ጽፎ ከበሩ ጀርባ መለጠፍም ጥሩ ነው፤ ተበታትነው ሲገኙ ብዙ ችግር ይመስላሉ፣ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ይታያል።

ይህን ቤተሰብ የለየ ተማሪ ቀጥሎ ወደ «ደብሊው» መሄድ ይችላል። እሷም ከኋላዋ «አር» ስትመጣ ድሮ ትሰማ የነበረች፣ ዛሬ ግን ዝም የምትል ናት። አምስት ፊደል ያላቸው ልጆቿ ብዙ ናቸው። «ሪስት» የእጅ አንጓ ነው። «ሮንግ» ስሕተት ነው። «ራይት» ደግሞ መጻፍ ማለት ነው፤ መጻፍ የሚለው ቃል ራሱ ተጽፋ በማትነበብ ፊደል ይጀምራል።